መኪና ቤት አይደለም
ሕፃናትን በቆመ መኪና ውስጥ ብቻቸውን ስለ መተው



በዚህ የትምህርት ገጻችን የምናነሣው ጉዳይ ሕፃናትን በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ የሚያስከትለውን አደጋ ነው። ርዕሱን ስንመርጥ ከመካከላችን «መኪና ያለው ስደተኛ ስንት ነው? ስለ ወባና ስለ ንጹሕ ውሃ ብንጽፍ አይሻልም ወይ?» ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ክርክሩን ያቆመው ከጥቂት ወራት በፊት እዚሁ ናይሮቢ በአንድ ሠርግ ቤት የደረሰው ነገር ነው። አባትየው ስሙ እንዳይነሣ፣ ነገሩ ግን እንዲጻፍ ፈቅዶልናል።

ሰውዬው በኪራይ መኪና ተሳፋሪ እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ወገናችን ነው። በዕለቱ ባለቤቱ ከሌሎች እናቶች ጋር ለወጥ ሥራ ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ስለ ነበረች፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናትን ልጁን ይዞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ደረሰ። ልጅቷን በመንገድ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ጠዋት ናይሮቢ እንደ ልማዷ ደመና ለብሳ ቀዝቅዛ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ ወጥታለች። አባት ልጁን በኋላ ወንበር ላይ አመቻችቶ አስተኛት። ብርድ እንዳይመታት በነጠላ ሸፈናት። አየር ይግባ ብሎ አንዱን መስኮት ጣት በምታህል ክፍተት ዝቅ አደረገው። ክፉ ሰው እንዳይነካት በሮቹን ቆለፈና «እናቷን ጠርቼ በአምስት ደቂቃ እመለሳለሁ» ብሎ ገባ።

ከእኛ ሠርግ ቤት በአምስት ደቂቃ የወጣ ማን አለ? ሽማግሌዎች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ መሳም ያስፈልጋል። «ብላ እንጂ» ያሉት አሉ፤ የሙሽራውን አባት እንኳን ደስ አለዎ ማለት አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «አንተ ልጄ፣ ትንሿስ የት ናት?» ብለው ባይጠይቁት ኖሮ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ እሱም አያውቀውም። ሰዓቱን ሲያይ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። ሮጦ ሲደርስ ልጅቷ ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ልብሷ በላብ ርሷል፣ ዐይኗ ግማሹን ተከፍቷል። ሲያነሣት አንገቷ አልጸናም። አላለቀሰችም። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ያለማልቀሷ ነው ብሎናል።

ልጅቷ ዛሬ ደኅና ናት። እንዴት እንደ ተረፈች ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አሁን ግን ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ይህ አባት ካደረጋቸው ነገሮች ውስጥ ከግዴለሽነት የመነጨ አንድም የለም። ነጠላው፣ የቆለፈው በር፣ ዝቅ ያለው መስኮት ሁሉ ለልጁ በማሰብ የተደረጉ ናቸው። አደጋውን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከተማው ሲቀዘቅዝ መኪናው ለምን ይሞቃል?

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ምትገኝ አየሯ ለአዲስ አበባ ሰው አይከብድም። በሐምሌ ወር እንዲያውም ሹራብ የሚያስለብስ ነው። በመሆኑም «ሙቀት የሚገድለው በረሃ ነው፤ እዚህ ምን ሙቀት አለ?» የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ይሁን እንጂ ከተማዋ ለምድር ወገብ በጣም የቀረበች ስለ ሆነች፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ከአናት ላይ የምትወርድ ብርቱ ፀሐይ ናት። መኪናን የሚያሞቀው ደግሞ በዋነኛነት የውጭው አየር ሳይሆን የፀሐይ ጨረር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በዝዋይ ወይም እዚህ በናይቫሻ ያሉትን የአበባ እርሻ የላስቲክ ቤቶች ማሰብ ይበቃል። የፀሐይ ብርሃን በላስቲኩ አልፎ ይገባል፣ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያሞቃል፣ የሞቀው አየር ግን መውጫ አያገኝም። በመኪናም እንዲሁ ነው። ብርሃኑ በመስታወቱ ይገባና ዳሽቦርዱን፣ መሪውንና ወንበሩን ያግላል፤ እነርሱም በተራቸው የታፈነውን አየር ያሞቁታል። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ስትገቡ መሪው አላስይዝ የሚላችሁ ለዚህ ነው።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአንድ የአየር ጠባይ ባለሙያ ጋር ሆነው ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ጥናቱን ለናይሮቢ ነዋሪ ጠቃሚ የሚያደርገው በበረሃ ሙቀት ሳይሆን ደስ በሚል ለስላሳ ቀን መደረጉ ነው። የውጭው ሙቀት 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት ጊዜ 47 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። ከጭማሪው 80 በመቶ ያህሉ የታየውም በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ማድረግ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ሌላ ስሌት እንጨምር። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ከውጭው አየር በ10 ዲግሪ ያህል፣ በ20 ደቂቃ በ16፣ በግማሽ ሰዓት በ19 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። እንግዲህ በሠርጉ ዕለት ናይሮቢ 25 ዲግሪ ነበረች ብንል፣ ልጅቷ በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥ ነበረች ማለት ነው። በካኩማ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ የራሳችሁን ሒሳብ ሥሩ። እዚያ የቀኑ አየር ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ልጅ ለማስተኛት አሥር ደቂቃም ብዙ ነው።

«ጥላ ሥር ካቆምኩትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በአሪዞና በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ በጣም በሚሞቅ ወቅት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ የሁለት ዓመት ልጅ የሰውነቱ ሙቀት በአንድ ሰዓት ገደማ አደገኛ ደረጃ ላይ ሊደርስ እንደሚችል በስሌት ተገምቷል። ጥላ ሥር ከሆነ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እዚያው ይደርሳል። ጥላ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። ጥላ ደግሞ በቦታው አይቆይም፤ ስድስት ሰዓት ላይ የነበረው ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱን ተሻግሯል።

የልጅ ሰውነት

የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ሰውነት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ይሞቃል። ትንሽ ጀበና ከትልቅ ድስት ቀድሞ እንደሚፈላ ነው። የልጅ የላብ ማውጣት ኃይልም ገና አልጠነከረም፤ በሰውነቱ የያዘው ውሃም ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሕፃን በሩን ከፍቶ መውጣት አይችልም፣ ወንበሩ ላይ ከታሰረ ቀበቶውን መፍታት አይችልም፣ ልብሱንም ማውለቅ አይችልም።

ጤነኛ ሰውነት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። 40 ሲደርስ ሐኪሞች የሙቀት ምት የሚሉት አደጋ ይጀምራል፤ ልጁ ይፈዛል፣ ያስታውከዋል፣ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ወደ 42 ሲጠጋ አንጎልና ሌሎች የውስጥ አካላት መሥራት ያቅታቸዋል። በዚህ ደረጃ ላብ ሊቆምና ቆዳው ደርቆ ሊያቃጥል ይችላል። የልጅ ዝም ማለት የመሻል ምልክት አይደለም። «አልቅሶ አልቅሶ ተኛ» የሚባለው ልጅ ራሱን ስቶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ልማድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እኛ ኢትዮጵያውያን ከሙቀት ይልቅ ብርድን እንፈራለን። በአውቶቡስ ላይ «መስኮቱን ዝጋው፣ ልጁን ብርድ ይመታዋል» የማይል ተሳፋሪ የለም፤ በማታቱ ውስጥም ኬንያውያን እስኪገረሙብን ድረስ እንጨቃጨቃለን። ሕፃን በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ሻርፕ ተደርቦ፣ ኮፍያ ደፍቶ መኪና ውስጥ ሲተኛ ለእኛ ዐይን የተጠበቀ ልጅ ነው። በታፈነ መኪና ውስጥ ግን ጋቢው ሙቀቱን ይዞ ያስቀረዋል። እንኳን በቆመ መኪና፣ በሚሄድም ቢሆን የልጁን አንገት በእጅ እየዳሰሱ ላብ ካለ ማላላት ይገባል።

ለምን ይተዋሉ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተያዘው መዝገብ መሠረት፣ በመኪና ውስጥ በሙቀት የሚሞቱ ሕፃናት በአማካይ በዓመት 37 ያህል ናቸው። በ2018 እና በ2019 ግን በእያንዳንዱ ዓመት ከ50 በላይ ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሆን ተብለው «ለጥቂት ደቂቃ» የተተዉት ከአምስት አንድ ገደማ ናቸው። ከአራት አንድ ያህሉ ማንም ሳያያቸው ራሳቸው መኪና ውስጥ ገብተው የቀሩ ናቸው። ከግማሽ በላዩ ደግሞ የተረሱ ናቸው።

ሆን ተብሎ መተው በናይሮቢ የራሱ ምክንያት አለው። በኢስሊ ጎዳና ላይ አንድ እጅ ልጅ፣ ሌላው እጅ ዕቃ ይዞ በግፊያ ውስጥ መሄድ ያስፈራል። ልጅ ይጠፋል፣ ኪስ ይወልቃል፣ ቦዳ ቦዳ ይገጫል። ስለዚህ ወላጅ «መኪናው ውስጥ ቆልፌው ልሂድ» ይላል። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን ከፍርሃቱ የባሰ ነው። ሞተሩንና ኤሲውን እያሠሩ መተውም መላ አይደለም። ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ልጅ ማርሹን ወይም የእጅ ፍሬኑን ሊነካ ይችላል፤ በኤሌክትሪክ የሚዘጋ መስኮት የስንቱን ልጅ አንገት ይዟል። ቁልፉ ያለበትን መኪና ሌባ ሲያስነሣ ደግሞ የኋላውን ወንበር አያይም።

ብዙ ወላጅ የማያስበው ልጆች ራሳቸው የሚገቡበትን ነው። መኪና የሌለው ቤተሰብ ከዚህ አደጋ ነፃ የመሰለው ሰው ተሳስቷል። በኪሪኒያጋ መንገድ፣ ግሮጋን በሚባለው ሠፈር፣ እንዲሁም በየመኖሪያ ሠፈራችን ጥግ ጥግ ጎማቸው ወርዶ ወራት የቆሙ መኪኖች አሉ። ለልጅ እንዲህ ያለ መኪና ቤትም ሱቅም ነው፤ ሾፌርና ረዳት እየሆኑ ይጫወቱበታል። በአሮጌ መኪና ላይ አንዳንዴ በሩ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም፤ የኋላ በሮች የልጅ መቆለፊያ ካላቸውማ በደኅናውም መኪና ከውስጥ አይከፈቱም። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ሣጥን ሲሆን ደግሞ ድምፅም አይሰማም። ስለዚህ በሠፈራችሁ ልጅ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚታየው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ወዲያው ቀጥሎ መኪናዎቹ ይታዩ፤ የኋላው ሣጥን ሳይቀር ይከፈት። ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞችም ማታ የሱቃችሁን በር እንደምትቆልፉ የቆመውንም መኪና ቆልፉ።

ስለ መርሳት

«ልጅን መርሳት! እንዴት ያለ እናት ናት?» የሚለው ቃል ከአፋችን ይቀድማል። የእኛም ከአፋችን ቀድሞ ነበር። ነገር ግን ልጃቸውን የረሱት መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ወታደሮች፣ ቀሳውስት፣ ልጃቸውን እንደ ዐይናቸው ብሌን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ስለ ማስታወስ ችሎታ የሚያጠኑት ዴቪድ ዳይመንድ እንደሚያስረዱት፣ አእምሯችን በየቀኑ የምናደርገውን ነገር ሳናስበው እንድናደርገው የሚመራ ክፍል አለው። የለመድነውን መንገድ ስንነዳ የሚመራን ይህ ክፍል ነው። አንድ ቀን የተለየ ነገር ለማድረግ ስናስብ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ እናት የምታደርሰውን ሕፃን ዛሬ አባት ሊያደርስ ሲል፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ከተጨመረበት ልማዱ ዕቅዱን ይውጠዋል። ልጁ ከኋላ ተኝቷል፣ ድምፅ የለም፤ አባት ወደ ሥራው ይነዳል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ የፊት ወንበር ኤርባግ ሕፃናትን መጉዳቱ ስለ ታወቀ፣ ልጆች በኋላ ወንበር እንዲቀመጡ፣ ጨቅላዎችም ፊታቸው ወደ ኋላ እንዲዞር በአሜሪካ ተመከረ። ምክሩ ትክክል ነው፣ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ እኛም አትተዉት እንላለን። ነገር ግን ልጁ ከሾፌሩ ዐይን ራቀ። ጣሊያን ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ያለው ወንበር በሕግ ግዴታ አድርጋለች።

መሣሪያ የሌለን እኛ ግን ምን እናድርግ? ጉዳዩ ያለ ገንዘብ ይፈታል። ሞባይላችሁን ወይም ቦርሳችሁን ወይም የአንድ እግር ጫማችሁን ከልጁ አጠገብ ከኋላ አስቀምጡ። በባዶ እግሩ ሥራ የሚገባ ሰው የለም። ልጁን ከሚቀበለው ሰው ጋርም ስምምነት ይኑራችሁ፤ በሰዓቱ ካልደረሰ ይደውል።

የትምህርት ቤት ሰርቪስ

ብዙ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ልጆቻቸውን በሰርቪስ ወደ ትምህርት ቤት ይልካሉ። እዚህ ላይ ሁለት የውጭ አገር ታሪኮችን እናስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በጃፓን ማኪኖሃራ በምትባል ከተማ የሦስት ዓመት ሕፃን በመዋዕለ ሕፃናት አውቶቡስ ውስጥ ተረስታ ሞተች። በዚያው ወር በኳታር አል ዋክራ የአራት ዓመት ልጅ እንዲሁ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት፣ ማንም ሳያያት በሩ ተዘግቶባት ሞተች፤ መንግሥትም መዋዕለ ሕፃናቱን ዘጋ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የልጆች አውቶቡሶች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ደወል እንዲኖራቸው አዘዘች። ከእነዚህ ደወሎች አንዱ ዓይነት ሞተሩ ሲጠፋ መጮህ ይጀምራል፤ ዝም የሚለውም ሾፌሩ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ሲያጠፋው ብቻ ነው።

የእናንተ ሾፌር ደወል የለውም፤ እግር ግን አለው። ካወረደ በኋላ እስከ ኋለኛው ወንበር ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ ከወንበሮቹም ሥር እንዲያይ ወላጆች ተሰብስባችሁ ንገሩት። ትምህርት ቤቱም ልጅ ሲቀር ወዲያው እንዲደውልላችሁ ጠይቁ። «ዛሬ አሞት ይሆናል» ብሎ ዝም የሚል ትምህርት ቤት በጃፓኑም ታሪክ ውስጥ ነበር፤ ልጅቷ ክፍል አለመምጣቷን አይተው ቤተሰቧን አልጠየቁም።

ወደ ሦስተኛ አገር ለምትሄዱ

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ጉዳያቸው ተፈጽሎላቸው ወደ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ለመሄድ ቀን የሚጠብቁ ናቸው። እዚያ መኪና ከሌለ ኑሮ የለም፤ እዚህ ያለች ጎረቤት ግን እዚያ የለችም። በኢስሊ አንዲት እናት ሱቅ ደርሳ እስክትመለስ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ትሄዳለች። እዚያ ግን አባት የሌሊት ሥራ ውሎ ይመጣል፣ እናት የቀን ትገባለች፣ ቁልፍና ልጅ በር ላይ ይቀባበላሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰውና የተለወጠ ፕሮግራም ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል።

ሕጉም ይለያል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ከ12 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ያለ በቂ ምክንያት ያለ ጠባቂ ለረዥም ጊዜ መተው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ሞተሩ እየሠራ ከ16 ዓመት በታች የሆነን ልጅ በቆመ መኪና ውስጥ በአደባባይ ትቶ መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው። አላፊ አግዳሚ አይቶ ለፖሊስ ይደውላል፤ ይህም እንደ ክፋት አይቆጠርበትም። «አላውቅም ነበር» ማለት ጉዳዩን ላይዘጋው ይችላል፤ የልጆች ደኅንነት መሥሪያ ቤት ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ሊጠይቃችሁ ይችላል። በዚህም በኬንያ ቢሆን እ.ኤ.አ. የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 53 ማንኛውም ልጅ ከቸልታ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ የስደተኛ ልጅ አልተለየም።

ልጅ በሙቀት ሲመታ

አሁን ወደ ሠርጉ ቤት እንመለስ። አባት ልጁን አቅፎ ሲገባ ጩኸት ሆነ። አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ» አለ፤ ሌላዋ «ሸፍኗት፣ ላብ ላይ ነፋስ አይንካት» አለች። ውሃ ይዞ የመጣውን ልጅም «ልትገድሏት ነው? በዚህ ትኩሳት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ!» ብለው መለሱት። ከእንግዶቹ መካከል አገር ቤት ሳሉ ነርስ የነበሩ አንዲት እናት ባይኖሩ ኖሮ ልጅቷ በጋቢ ተጠቅልላ ነበር። እሳቸው ልብሷን በሙሉ አወለቁ፣ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ አስተኟት፣ የቧንቧ ውሃ በጭንቅላቷ፣ በአንገቷ፣ በብብቷና በጭኖቿ መካከል እያፈሰሱ አንዱን ወጣት በካርቶን እንዲያራግብላት አዘዙት። ጥቂት ቆይታ ልጅቷ አለቀሰች። የሠርጉ ቤት ሁሉ አብሯት አለቀሰ።

ማድረግ የሚገባው ይህን ነው። ውሃውና ማራገቡ አብረው ይሁኑ፤ ሙቀቱን የሚወስደው ከቆዳ ላይ የሚተነው ውሃ ነውና። ከነቃችና መዋጥ ከቻለች ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣት፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ይጥባ። ራሱን ለሳተ ልጅ ግን በአፉ ምንም አይደረግ፣ ያንቀዋል፤ በጎኑ ይተኛ። ፓራሲታሞል ለዚህ ዓይነት ትኩሳት አይሠራም፤ ዳማከሴውም ይቆይ። ልጁ የተሻለው ቢመስልም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ በመንገድ ላይም ውሃውና ማራገቡ አይቋረጥ። ጉዳቱ በኩላሊትና በጉበት ላይ ዘግይቶ ሊታይ ይችላልና ሐኪም ማየት አለበት። በናይሮቢ የአደጋ ጊዜ ስልክ 999 ወይም 112 ነው፤ በትራፊኩ ምክንያት ግን አምቡላንስ ከመጠበቅ ያገኙትን መኪና መያዝ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል።

የሰው ልጅ በሰው መኪና ውስጥ ብታዩስ?

ይህን ጥያቄ ያነሣልን ኢስሊ የሚኖር ወጣት ነው። «መስታወት ብሰብር ሌባ ነው ብለው ይደበድቡኛል፤ ፖሊስ ብጠራ መታወቂያህን አምጣ ይለኛል። ባልፍስ?» አለን። ፍርሃቱን አንንቅበትም። በዚህ ከተማ «ምዊዚ» የሚለው ቃል አንዴ ከተጮኸ ሰው ለማስረዳት ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ ብቻችሁን አትሥሩ። ልጁ ነቅቶ የሚያለቅስ ወይም የሚጫወት ከሆነ፣ ቅርብ ያለውን አስካሪ ወይም ባለ ሱቅ ጥሩና ባለቤቱን አስፈልጉ። «ጋሪ ሂዪ ኒ ያ ናኒ?» ማለት «ይህ መኪና የማን ነው?» ማለት ነው፤ በስዋሂሊ ጋሪ መኪና መሆኑን አትርሱ። በገበያ አዳራሽ ከሆነ የታርጋ ቁጥሩን ሰጥታችሁ በድምፅ ማጉያ ያስጠሩ። በሮቹን ሁሉ ሞክሩ፤ አንዱ ሳይቆለፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ልጁ ከፈዘዘ፣ መስታወት ሲንኳኳ ካልነቃ ወይም ላቡ ደርቆ ፊቱ ከቀላ ግን ባለቤቱን መጠበቅ አይቻልም። ጮክ ብላችሁ «ሳይዲያ! ምቶቶ አሜፉንጊዋ ንዳኒ ያ ጋሪ!» በሉ፤ «እርዱኝ! ልጅ መኪና ውስጥ ተቆልፎበታል!» ማለት ነው። ሰው ይሰብሰብ፣ ልጁን በዐይኑ ይይ። ያን ጊዜ የሚሰብረው ሕዝቡ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። የሚሰበረውም ከልጁ የራቀው የጎን መስታወት ነው፤ መሐሉን ሳይሆን ጥጉን በጎማ መፍቻ ወይም በሾለ ብረት ይምቱት። የፊተኛው መስታወት በድርብ የተሠራ ስለ ሆነ በቀላሉ አይሰበርም፤ ጊዜ አታጥፉበት።

ከሠርጉ ወዲህ ከወላጆች ከደረሱን ጥያቄዎች በአንዱ እንሰናበት። አንዲት እናት «የስምንት ዓመቱ ልጄ አብሮት ከቀረ ታናሹን ይጠብቅ የለም ወይ?» ብለዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ሙቀቱ ሲጀምረው ይሰማዋል፤ ነገር ግን «በሩን እንዳትከፍት፣ ለማንም እንዳትከፍት» ተብሎ የተቀመጠ ታዛዥ ልጅ ከሆነ፣ ታናሹን አቅፎ ይቀመጣል። እኚህ እናት ታዛዥ ልጅ እንዳላቸው ስለምናውቅ ሁለቱንም ይዘው እንዲወርዱ ነግረናቸዋል።